የአቶ ደበላ ታሪክ በሁለት ጊጋ

ሰው ኮምፒውተር ሲዘገይበት የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እንጀራዬ ስለሆነ ከእናንተ ይልቅ ብዙ አይቻለሁ። መጀመሪያ አንዴ ይጫናል። ምንም የለም። ትንሽ ይጠብቃል፤ ትንሽ ስል ምራቅ እስኪውጥ ያህል ማለቴ ነው። ደግሞ ይጫናል። ከዚያ በኋላ ጣቱን የሚያቆመው የለም፤ ጣቱ የሐምሌ ዝናብ ይሆናል። ቀጥሎ ማውዙን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳዋል፤ ከዚያ የኮምፒውተሩን ጎን በጥፊ ይለዋል፤ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይለኛል። ዶክተሩ እኔ፣ ምርመራው የእሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ የዘገየ ኮምፒውተር አልሰማም አላለም። ሰምቷል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ይዞ ላይ ታች እያለ ሳለ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አሥረኛውን ትጭኑበታላችሁ። እሱ ደግሞ እንደ ሰው ብልጥ አይደለም፤ «ይሄንንማ አሁን ብላችሁኝ ነበር» ብሎ አይተወውም። ሁሉንም ተራ ያስይዘዋል። ጠዋት ጀሞ ታክሲ ተራ ሄዳችሁ እዩ፤ አንዱን ረዳት ሰው ሁሉ ከቦ «ሜክሲኮ ነው? ሜክሲኮ ነው ወይ?» ሲለው ልጁ በሩን መክፈት ያቅተዋል። ሁሉም የጠየቀው አንድ ነገር ነው። ግን ሁሉም ጠየቀ።

ታዲያ ለማሽን ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጥያቄ ሲጠየቅ ቆም ብሎ የሚያስብ ልጅ ደደብ ይባላል፤ ቀስ ብሎ የሚያወራ ሽማግሌ ሐሳቡን ሌላ ሰው ይጨርስለታል። እኔ ራሴ ትምህርቱን አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ቂጤ ወንበር ላይ አልረጋ ብሎ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ የዘገየ ነገር ሁሉ ፊት ቁጭ ብሎ መጠበቅ እንጀራው ሆነ። የእግዜር ቀልድ ይሏል ይሄ ነው።

ሱቅ የለኝም። ቦርሳ ነው ያለኝ። ካቻቪቴ፣ ብሩሽ፣ ሁለት ፍላሽ፣ አንድ የተማሪ ላጲስ። ከጀሞ ሀይሌ ጋርመንት፣ ከሀይሌ ጋርመንት ለቡ፣ ስልክ የደወለልኝ ዘንድ እሄዳለሁ። አብዛኛው ሰው «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ፎርማት ማለት ለእኛ ሰፈር ጠበል ማለት ነው፤ በሽታው ምንም ይሁን ምን ያስገቡታል። የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ ሁሉ ታጥቦ ይሄድና «አሁንማ ፈጠነ!» ይባላል። ባዶ ቤት ውስጥ ማን አይሮጥም?

እትዬ አስካለ ግን ለየት ያሉ ደንበኛዬ ናቸው። ጀሞ ላይ ከአንዱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አላቸው። ፎቶ ኮፒው፣ ማመልከቻው፣ የሰርግና የልደት ጥሪው ሁሉ አለ፤ ሰፈሩ በይበልጥ የሚያውቃቸው ግን በሕይወት ታሪክ ነው። ሰው ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚነበበውን ወረቀት ማለቴ ነው፤ የት ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ ስንት ወለደ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበር። ፎቶ ከላይ፣ ጽሑፍ ከታች። የእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለእድር ይነገራል፤ ቀጥሎ ለእትዬ አስካለ።

አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልኝ።

«አንተ ልጅ የት ነህ? ቶሎ ድረስ። ይሄ ነገር ቀጥ አለብኝ። ሰውየው ቆመው እየጠበቁኝ ነው፤ ቀብራቸው ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«የሰውየው?» አልኩ ሳላስበው።

«የአባታቸው! አሁን መቀለጃ ነው?»

ስደርስ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ያቺ ክብ ትዞራለች። እትዬ አስካለ ማውዙን እንደ መቁጠሪያ እየነካኩ ነው። ከጠረጴዛው ማዶ ጋቢውን አዘቅዝቆ የለበሰ፣ ሃምሳውን ያለፈ ረጅም ሰው ቆሟል። ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ። ለቡ አካባቢ፣ ከተማው ሳይመጣ ጀምሮ የኖሩ ገበሬዎች ልጅ ናቸው። አባታቸው አቶ ደበላ ሌሊቱን አርፈዋል።

«እግዜር ያጽናዎት» ብዬ ቁጭ አልኩ። የተንጠለጠለውን ፕሮግራም በግድ እንደዘጋሁት ያልጠበቅኩት ሆነ። ፕሪንተሩ ነቃ። እትዬ አስካለ ትናንት የአንዲት ሕፃን የልደት ጥሪ «አትም» ብለው፣ ሲዘገይባቸው ደጋግመው ተጭነው፣ ያ ሁሉ ትእዛዝ ተራ ይዞ አድሯል። ፊኛ ያለበት ወረቀት እየተከታተለ ይተፋ ጀመር። አንዱ በሮ ሐዘንተኛው እግር ሥር ወደቀ። እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ፊታቸውን ያዙ። ጋሽ ቶሎሳ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖሩት።

«ዕድሜ ይስጣት» አሉ።

መሬት ብትከፈት እገባባት ነበር። የፕሪንተሩን ተራ ባዶ አድርጌ፣ «ምን ያህል ጽሑፍ ነው? ሌላ ቦታ ወስጄ ቶሎ ላስጽፍልዎት?» አልኳቸው። በሌላ ሱቅ ፈጣን ማሽን አለ፤ የማውቀው ልጅ ነው፤ ስምና ዓመት ሞልቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ያወጣዋል።

«ቶሎ አይደለም የምፈልገው» አሉ። «የአባቴን ነው የምፈልገው።»

ከዚያ ምክንያቱን ነገሩን። ከዚህ በፊት አጎታቸው ሲቀበሩ ወረቀት ተነቧል። አጎትየው ዕድሜ ልካቸውን ገበሬ ናቸው። ወረቀቱ ግን «በሥራ ባልደረቦቻቸው የተወደዱ፣ ከሥራ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ገብተው የማያውቁ» አለ።

«አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር» አሉ ጋሽ ቶሎሳ። «ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ ‹ማንን ነው የምንቀብረው?› አለኝ። እኔ ሳቄ መጣ። እሱ ግን የምሩን ነው። እቤት ስንገባ ‹ቶሎሳ፣ እኔ ስሞት እኔን አስነብብ። ሌላ ሰው አድርገህ እንዳትቀብረኝ› አለኝ። እሺ አልኩት። ያ እሺ ዛሬ ደረሰ።»

እትዬ አስካለ ቁልፎቹ ላይ ያለውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ወደ ሥራዬ ገባሁ። ማን ምን ያህል እንደሚበላ የሚያሳየውን መስኮት፣ ታስክ ማናጀሩን፣ ከፈትኩ። ማሽኑ ያለው ራም ሁለት ጊጋ ነው፤ ገና ምንም ሳንጽፍ ሙሉ ለሙሉ ተይዟል። ራም ምን እንደሆነ ለእትዬ አስካለ ያስረዳሁትን ለእናንተም ልድገመው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ከጀርባው ያለው መደርደሪያ እስከ ጣራው ጨርቅ ነው፤ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ግን አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ደንበኛ ሁሉ እየመጣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ይወረውራል። ልብስ ሰፊው መቀሱን ከማንሳቱ በፊት አንዱን ጨርቅ አንስቶ መደርደሪያ ላይ ይሰቅላል፣ ሌላውን ያወርዳል፣ መልሶ ይሰቅላል። ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል፤ አንድ ሱሪ አይጨርስም። ይሄ ሰውዬ ሰነፍ ነው? አይደለም። ጠረጴዛው ነው ያጠረው።

እትዬ አስካለ ወዲያው ደነገጡ። «ፋይሎቹን እንዳትነካብኝ! ፎርማት የሚባል ቃል አፍህ ላይ እንዳይመጣ!»

«ፋይሎቹ ምንም አላደረጉም» አልኳቸው። እውነቴን ነው። ስንቱ የሰፈራችን ሟች እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ሁሉም መደርደሪያቸው ላይ ዝም ብለው ተኝተዋል። ቦታም አላጣበቡም። ጠረጴዛው ላይ የሚረባረቡት የቆሙት ናቸው። ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳው የስልክ ፕሮግራም፣ ማንም የማይጠቀምበት የሰርግ ካርድ መሥሪያ፣ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያልተዘጉ የኢንተርኔት ገጾች፣ በዚያ ላይ ሁለት አንቲቫይረስ።

«ሁለት ለምን አስፈለገዎት?»

«አንዱ ቢተኛ አንዱ ይጠብቃል ብዬ ነዋ!»

አይተኙም። ያለው ችግር እሱ ነው። ሁለቱም ነቅተው አንዱ ሌላውን ሌባ ነው እያለ ቀኑን ሙሉ ይፈታተሻሉ። አንዱን አሰናበትኩ። ሲነሳ አብሮ የሚነሳውን ሁሉ «ሲጠሩህ ና» ብዬ አስተኛሁ። ከዚያ ሽፋኑን ፈትቼ ራሟን ነቀልኩ፤ ወርቃማ ጥርሶቿን በላጲስ ፈተግኳቸው፤ አቧራውን በብሩሽ አራገፍኩ፤ መልሼ «ቀጭ» እስክትል ገጠምኳት። ጥርሷ ሲቆሽሽ ማሽኑ ቀጥ የሚልበት ጊዜ አለና ነው። ሁለቱን ጊጋ አራት ለማድረግ ግን የሚሆን ራም ቦርሳዬ ውስጥ አልነበረም፤ የዚህ ማሽን ዓይነት እንኳን ቦርሳዬ ውስጥ ገበያም ላይ ከጠፋ ቆይቷል።

«ይሻለዋል እንጂ አይድንም» አልኳቸው። «ቀስ ብለን ነው የምንሠራበት። አንድ ጊዜ ብቻ ይጫኑና እጅዎን ያንሱ።»

እስኪነሳ ስንጠብቅ ሦስት ሰዎች በአንዲት የምትዞር ክብ ላይ አፈጠጥን። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ወይ ስልኩን ያወጣል ወይ ያወራል። የጋሽ ቶሎሳ ስልክ እትዬ አስካለ እጅ ላይ ነበር፤ የአባታቸው ፎቶ አለበት። ስለዚህ አወሩ።

«ይሄ ፎቅ ያለበት ምስር ነበር» አሉ ጣራውን እያዩ። «ወዲያ ማዶ ፋርማሲው ያለበት ጤፍ። ታክሲ ማዞሪያው ሽምብራ ነው፤ እዚያ ድንጋይ ስለሚበዛ ሌላ አይበቅልም። አባቴ ፎቆቹን በቁጥር ጠርቷቸው አያውቅም። ታክሲ ላይ ‹ሽምብራው ጋ ወራጅ አለ› ይላል። ረዳቶቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር። በኋላ ለመዱ። አንዱማ ጭራሽ ‹ሽምብራ የሚወርድ!› እያለ መጥራት ጀምሮ ነበር።»

እትዬ አስካለ ከፎቶው ቀና አሉ። «እኔ እኮ ሰምቼዋለሁ! ‹ሽምብራ› ሲል ሰምቼ ሽምብራ ሻጭ መስሎኝ ነበር።»

«ፎቁ ሲሠራ ደግሞ ዘበኛ ሆኖ ገባ። በገዛ መሬቱ ላይ ሲሚንቶ ጠበቀ። አንድ ከረጢት አልጠፋም። ‹ለምን ትጠብቅላቸዋለህ?› ስለው ‹መሬቱ የእነሱ ሆነ፤ ዓይኔ ግን የእኔ ነው› አለኝ።»

ክቧ ቆመች። ማሽኑ ተነሳ፤ ፈጠነ ባልልም ተነሳ። እትዬ አስካለ እንደ ልማዳቸው አዲስ ገጽ አልከፈቱም። አንድ የቆየ ፋይል ከፈቱ፤ የቀድሞውን ስም አጥፍተው «አቶ ደበላ» ብለው ጻፉበት። ይሄ የአገሩ አሠራር ነው፤ የሚደንቅ ነገር የለውም። ማመልከቻ በማመልከቻ ላይ ይጻፋል፣ ውል በውል ላይ፣ ሟች በሟች ላይ። ጋሽ ቶሎሳ ነገሩ፤ እሳቸው ጻፉ።

«ቁጡ ነበር፣ በይ።»

«ቀብር ላይ?»

«በይ። ቁጡ ነበር። በሬ ላይ ግን እጁን አንስቶ አያውቅም። ልጆቹን መትቷል፤ በሬ አልመታም።»

እትዬ አስካለ ወደ እኔ አዩ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ጻፉት። እያንዳንዱ ፊደል ቁልፉ ከተነካ በኋላ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚመጣው። በዚህ ፍጥነት ውሸት መጻፍ አይመችም፤ እስኪመጣ ድረስ ሰው ያስብበታል።

ወደ መጨረሻው ሲደርሱ ጋሽ ቶሎሳ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን አስጠጉ። «ይሄ ምንድነው?»

ከታች፣ ማንም ያልነገራቸው አንድ አረፍተ ነገር ነበር። «ከሥራ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ገብተው የማያውቁ።»

«አጥፊው እህቴ። አባቴ ባዶ እጁን ነው የሚገባው። ማረሻውን በረት ይተወዋል።»

«ጥሩ ቃል ናት» አሉ እትዬ አስካለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስካሁን ማንም አልጠላትም።»

«ይቺው ናት አጎቴም ላይ የነበረችው! ይሄ በየቀብሩ ይዞ የሚገባ ሰው ማነው?»

«ባለቤቴ ነው።»

ፎቶ ኮፒ ልታስነሳ የመጣች አንዲት ተማሪ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ተመልሳ ወጣች።

«ግርማ ነው» አሉ እትዬ አስካለ ስክሪኑን እያዩ። «ምንም ባያገኝ መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን አንስቶ ነው የሚገባው። ሎሚ፣ ምስማር፣ የሕፃን ብይ። ባዶ እጄን አልገባም ይላል። የቤቴ መሳቢያ ብሎን ብቻ ነው። ሲሞት ወረቀቱን ራሴ ጻፍኩት፤ መጀመሪያ የጻፍኩት የሕይወት ታሪክ የእሱ ነው። ቀብሩ ላይ ዝናብ መጣ። ሰዉ ተበተነ፤ አንባቢው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ‹ሌላ ጊዜ› አለኝ። ቀብር ሌላ ጊዜ አለው እንዴ?»

ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ፣ ከአረፍተ ነገሩ ሥር አሳረፉ።

«ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ በእሱ ላይ ነው የምጽፈው። ስሙን አጠፋለሁ፣ አገሩን አጠፋለሁ፣ ሥራውን አጠፋለሁ። እሷን አንዷን እተዋታለሁ። ማንን ትጎዳለች ብዬ።»

እኔ በሐሳቤ የሰፈራችንን ቀብር ሁሉ መዞር ጀመርኩ። አንድ ጎረቤታችን ነበር፤ በሕይወቱ ወደ ቤት ይዞ የገባው ነገር ቢኖር የአረቄ ሽታ ነው። እሱም ላይ ተነቧል። ሚስቱ ያቺ ቃል ስትነበብ ነው እንደ አዲስ የጮኸችው። ያኔ እኔና ጓደኞቼ ከኋላ ቆመን ተጠቃቅሰናል። አሁን ሳስበው ምናልባት ያለቀሰችው ለሟቹ ሳይሆን ላላየችው ሰው ነው። በእትዬ አስካለ ሱቅ በኩል ያለፈ ወንድ ሁሉ አንዲት ሎሚ ይዞ ነው ወደ መቃብሩ የገባው። ክፉ ነገር ነው? እኔ እንጃ። ግን ጋሽ ቶሎሳ ለአባታቸው ቃል ገብተዋል፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ጋሽ ቶሎሳ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አጥፊው እህቴ» አሉ። «አዝናለሁ። ለአባቴ ምያለሁ።»

እትዬ አስካለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጠቋሚዋን አረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ አስቀመጡና ማጥፊያውን ቁልፍ ተጫኑ። አልጠፋም። ደግመው ተጫኑ። ደጋገሙት፤ ጣታቸው ከልባቸው ይልቅ ፈጠነ። ማሽኑም በሰዓቱ ሳይሆን በራሱ ጊዜ ጀመረ። አንድ ፊደል ሄደች። ቆየት አለና ሌላዋ። «የማያውቁ» ሄደ። «ገብተው» ሄደ። በፈጣን ማሽን ቢሆን አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያልቅ ነበር፤ ማንም አያየውም። እኛ ግን ሰውየው ከበራፉ ወደ ኋላ ፊደል በፊደል ሲመለስ ቁጭ ብለን አየነው።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ቶሎሳ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን አነሱ። ማሽኑ ግን አላቆመም። የተነገረውን ሁሉ ተራ አስይዟል፤ መጨረስ አለበት። «ወደ ቤታቸው» ሄደ፤ «ባዶ እጃቸውን» ሄደ።

«አቁመው እንጂ!» ብለው ጋሽ ቶሎሳ ወደ እኔ ጮኹ።

የማደርገው አልነበረኝም። «ከሥራ ሲመለሱ»ም ተከትሎ ሄዶ፣ ከአባታቸው ታሪክ በታች በቀረው ባዶ መስመር ላይ ጠቋሚዋ ብቻዋን ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር ጋሽ ቶሎሳ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ከገቡ ጀምሮ ሲቀመጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሙሉ ስሙ ማን ነበር?»

«አቶ ግርማ» አሉ እትዬ አስካለ፤ የአባቱንም ስም ጨመሩ።

«ጻፊው። በአባቴ ስም አይደለም፤ በራሱ ስም። ከመጨረሻው፣ ለብቻው።» ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «አባቴ ለዚህ ሁሉ ፎቅ ቦታ ለቋል። ለአንድ አረፍተ ነገር ቦታ አያጣም።»

እትዬ አስካለ ጻፉ። የጠፋውን ለመመለስ የትም ማየት አላስፈለጋቸውም።

ቀሪው የእኔ ሥራ ነው። ከስልክ የመጣችው የአቶ ደበላ ፎቶ ግዙፍ ነበረች፤ ገጹ ላይ ስትገባ ማሽኑ መልሶ ተንገዳገደ። አውጥቼ አሳነስኳት፤ ዱላቸውን ተደግፈው ፀሐይ ውስጥ ዓይናቸውን ጨፈን ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያንሱም ቁጣቸው አልቀነሰም። ከዚያ እትዬ አስካለ «አትም» የሚለውን አንድ ጊዜ ተጫኑና ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ጠበቅን። እኔም ጠበቅኩ። ፕሪንተሩ ጉሮሮውን ጠረገና ወረቀቱን ሰጠን።

እትዬ አስካለ ሱቁን ዘጉ። በሥራ ቀን ሲዘጉ አይቼ አላውቅም። ሦስታችንም በአንድ ባጃጅ ከለቡ ወዲያ ወዳለችው ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ሰው ብዙ ነበር። ግማሹ ከገበሬው ወገን፣ ግማሹ ከኮንዶሚኒየም። አንባቢው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው፤ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው እንደ ሁልጊዜው በጥድፊያ ጀመሩ። ከሁለተኛው መስመር በኋላ ግን ጥድፊያው አልሄደላቸውም። የለመዱት መንገድ አይደለማ! «ፎቆቹን በእህላቸው ስም ይጠሩ ነበር» ሲሉ ከሰዉ መሐል ፈገግታ አለፈ። «ቁጡ ነበሩ፤ በሬ ላይ ግን እጃቸውን አንስተው አያውቁም» ሲሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በዱላቸው መሬት መቱና፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር፣ ጮክ ብለው «እሱ ነው! እሱ ነው!» አሉ።

ጋሽ ቶሎሳ ያኔ አለቀሱ። ከጠዋት ጀምሮ አላለቀሱም ነበር።

ከዚያ መጨረሻው መጣ። «በቀብራቸው ዕለት በዝናብ ምክንያት ታሪካቸው ሳይነበብ የቀረው ጎረቤታችን አቶ ግርማ፣ ከሥራ ሲመለሱ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ገብተው የማያውቁ ሰው ነበሩ።» አንባቢው ቆም አሉ። ይህን ቃል በስንቱ ላይ አንብበውታል፤ ከስሙ ጋር ሲያገኙት ግን የመጀመሪያቸው ነው። መነጽራቸውን አውልቀው ከሰዉ መሐል እትዬ አስካለን በዓይናቸው ፈለጉ። ያን ቀን ወረቀቱን ኪሳቸው የከተቱት እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ እኔ አልጠየቅኩም። ከኋላዬ አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ለካ ባለቤት ነበረው» ስትል ሰማሁ። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ አላለቀሱም፤ ነጠላቸውን ብቻ ጠበቅ አደረጉ።

ይህ ከሆነ ሰነባብቷል። በቅርቡ ከአንድ የተጣለ ማሽን ውስጥ ለእትዬ አስካለ ኮምፒውተር የሚሆን ራም አገኘሁ፤ ሁለት ጊጋ፣ በላጲስ ብፈትጋት እንደ አዲስ አበራች። ሁለቱ ሲደመሩ አራት ናቸው፤ ማሽኑ ይከንፋል ብዬ እየተጣደፍኩ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ሥራ ላይ ነበሩ። ፊት ለፊታቸው አንዲት ሐዘንተኛ ተቀምጣለች፤ እኅቷ ናት የሞተችባት። ስክሪኑ ላይ ባዶ ገጽ አለ፣ ምንም ያልተጻፈበት። ክቧ ትዞራለች። እትዬ አስካለ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው «ሲከፍት ይክፈት፤ እስኪ ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አሏት። ሴትዮዋ ስለ ጫማ መናገር ጀመረች፤ እኅቷ ጫማ ከገዛች በኋላ ስንት ጊዜ ሄዳ እንደምትቀይር፣ ባለ ሱቆቹ ሲያዩዋት እንዴት እንደሚደበቁ። እየሳቀች ታለቅስ ነበር።

ካቻቪቴዬን አውጥቼ ነበር። መልሼ ከተትኩት። ስትጨርስ እገጥመዋለሁ ብዬ በሩ ላይ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሳትጨርስ ሌላ ስልክ ተደወለልኝና ሄድኩ። በሌላ ጊዜም ሄጄ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው ሲያወራ አገኘሁ። አንድ ባለሙያ መድኃኒቱን ይዞ እየተመላለሰ በሽተኛውን እንዲሁ ማየቱ ለስሜ ጥሩ አይደለም፤ አውቃለሁ። ራሟ ግን ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ ናት።